አርባ ደቂቃ በኢዮጴ

ሄዶ መምጣትና ማየት አንድ አይደሉም። እኛ ደግሞ ሄዶ በመምጣት የሚስተካከለን የለም። “ላሊበላ ሄደህ ታውቃለህ?” “ኧረ ሄጄ መጥቻለሁ!” “እንዴት ነው?” “በጣም ደስ ይላል!” አለቀ። ግሸን ሄደን መጣን፣ ቁልቢ ሄደን መጣን፣ ዱባይ ሄደን መጣን። ከዚያ ፎቶው ይወጣል። እኛ ከፊት፣ ቦታው ከኋላ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ፎቶ ስንነሳ፣ ያን ሁሉ መንገድ ለመጣንበት ነገር ጀርባችንን ሰጥተን ነው የምንቆመው።

ዛሬ የማወራችሁ ጀርባችንን ስለሰጠናት አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን “ኢዮጴ” ይላታል፣ ዓረቦቹ “ያፋ” ይሏታል፣ አይሁዶቹ “ያፎ” ይሏታል፣ ብርቱካን ነጋዴው ደግሞ “ጃፋ” ይላታል። አራት ስም ያላት ከተማ ቢያንስ አራት ታሪክ ይኖራታል። የእኛ ተጓዥ ግን አንዱንም ሳይሰማ ነው የሚመለሰው።

እኛ ሰፈር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ የመብራት ምሰሶው ሁሉ ወረቀት ይለብሳል። “የሚከራይ ባለ ሁለት መኝታ”፣ “ዲሽ እንሠራለን”፣ ከሥሩ ደግሞ “የኢየሩሳሌም ጉዞ ተዘጋጅቷል፤ ቦታ ሳይሞላ ይመዝገቡ!” የጉዞው ዝርዝር ብዙም አይለያይም። ቤተልሔም፣ ናዝሬት፣ የገሊላ ባሕር፣ ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታ፣ ዴር ሱልጣን፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት። እኔ በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ በሄድኩበት ጉዞ፣ የተሰጠን ወረቀት መጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ የሚል ነገር ነበረበት፦ ኢዮጴ፣ የባሕር ዳር ጉብኝት፣ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ።

አርባ ደቂቃ! ከቃሊቲ እስከ ስታዲየም ታክሲ የሚፈጀውን ያህል እንኳ አይሆንም። በሦስትና በአራት ሺህ ዓመት የሚቆጠር ዕድሜ ላላት ከተማ የተመደበው ጊዜ ይኸው ነው። ከአርባው ደቂቃ ውስጥ አሥሩ ከአውቶቡስ መውረጃ፣ አሥሩ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ፣ አሥሩ ለፎቶ፣ አሥሩ ደግሞ “እገሌ የት ሄደ?” እያሉ ለመቆጠር ነበር።

የሚገርመው፣ ከኢየሩሳሌምና ከቤተልሔም ቀጥሎ ያችን ከተማ ያህል አማርኛ አንባቢ በስም የሚያውቃት የባሕር ዳር ከተማ መኖሯን እጠራጠራለሁ። በየዓመቱ ጾመ ነነዌ ሲመጣ የዮናስ ታሪክ ይነበብልናል። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሲሸሽ ወርዶ መርከብ ያገኘው የት ነው? ኢዮጴ ወደብ ላይ። የመሳፈሪያውን ሒሳብ ከፍሎ ወደ ተርሴስ የተሳፈረው ከዚያ ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ የሊባኖስ ዝግባ በባሕር እየተንሳፈፈ የመጣው ወዴት ነው? ወደ ኢዮጴ። በሐዋርያት ሥራ ላይ ለመበለቶች ቀሚስና ልብስ ትሰፋ የነበረችው ጣቢታ ሞታ የተነሣችውም ኢዮጴ ነው። ጴጥሮስን ሊጠሩት የተላኩት ሰዎች ያገኙት ልዳ ነው፤ ልዳ ደግሞ የእኛው ተጓዥ ሲደርስም ሲመለስም አውሮፕላን የሚሳፈርበት ማረፊያ አጠገብ ያለችው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ከተማ ናት። ይኼን የነገረን ሰው አልነበረም። ልዳ ላይ አርፈን “ልዳ የት ነው?” ሳንል ወደ ኢየሩሳሌም ተጫንን።

ከሁሉ ከሁሉ የኢዮጴው ቁርበት ፋቂ ነገር ለእኛ የተጻፈ ይመስለኛል። ጴጥሮስ፣ ያ የሐዋርያት አለቃ፣ ኢዮጴ ውስጥ ብዙ ቀን የተቀመጠው ማን ቤት ነው? ስምዖን የሚባል ቁርበት ፋቂ ቤት! “ፋቂ” የሚለውን ቃል ለስድብ ያዋለ ሕዝብ ይኼን እያነበበ መቶ ዓመት፣ ሁለት መቶ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ኖረ። ሸማኔውን በሽመናው፣ ቀጥቃጩን በብረቱ፣ ፋቂውን በቁርበቱ እየሰደብን ስንኖር ነገሩ በዝቶ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። አዋጅ ያስፈለገው ጠፍቶ አይደለም፤ ነገሩ መጽሐፉ ውስጥ ነበረ። አንብበነው ነበር፤ አላየነውም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ መጽሐፉ አድራሻ ይሰጣል። ቂሣርያ ላለው ለመቶ አለቃው ለቆርኔሌዎስ መልአኩ “ከተማ ውስጥ ፈልገው” ብሎ አልተወውም። የከተማውን ስም ነገረው፣ የእንግዳውን ስም ነገረው፣ የባለቤቱን ስም ነገረው፣ የባለቤቱን ሥራ ነገረው፣ ቤቱ ባሕር አጠገብ መሆኑንም ነገረው። ዛሬ ኮዬ ፈጬ ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ ባለ ሞተር እንዲህ ያለ ጥርት ያለ አድራሻ ቢያገኝ በደስታ ያለቅስ ነበር። ቅዱስ መጽሐፍ እንኳ ስለ አንድ ቤት ሲያወራ “የማን ነው? ምን ይሠራል? የት ነው?” የሚለውን ቦታ ሰጥቶታል ማለት ነው። ይኼን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እሺ፣ እኛ በአርባ ደቂቃችን ምን አየን?

ከአውቶቡስ ስንወርድ አንድ የሰዓት ማማ ታየን። አስጎብኚው “ይኼ የቱርክ ነው” አለ። እውነቱን ነው፤ የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱል ሐሚድ በነገሠ በ25ኛ ዓመቱ መታሰቢያ እንዲሆን የተጀመረ ነው። (ለባሕር ማዶው ታሪክ የምጠቀመው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ ማማው ያለቀው በ1903 ነው።) ከዚያ ወደ ኮረብታው ወጣን። የድሮው ከተማ ድንጋይ በድንጋይ የተሠራ፣ ጠባብ ጠባብ መንገድ ያለው፣ በጣም የሚያምር ነው። እያንዳንዱ መተላለፊያ በኮከብ ስም ተሰይሟል፤ የሐመል መንገድ፣ የሠውር መንገድ፣ የዓሣ መንገድ እያለ ይሄዳል። ቤቶቹ የሠዓሊ ስቱዲዮ፣ የጌጣጌጥ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ሆነዋል። አንድ ቦታ ላይ እንቁላል በሚመስል ትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ የተተከለ ብርቱካን፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ መሬት ሳይነካ በቅሎ ይታያል። ተጓዡ ሁሉ ከሥሩ እየቆመ ፎቶ ተነሣ። ሥሩ መሬት ያልነካ ብርቱካን እዚያ ከተማ ውስጥ ለምን እንደተሰቀለ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከኮረብታው ላይ ባሕሩ ውስጥ ጥቋቁር ዐለቶች ይታያሉ። አስጎብኚው “እነዚያ የአንድሮሜዳ ዐለት ይባላሉ፤ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ለባሕር አውሬ የታሰረችው እዚያ ላይ ነው” አለ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ነቃ!

“የእኛ ልጅ ናት?” አሉ አንዲት እናት።

“አዎ እማማ፣ የንጉሡ ልጅ።”

“ውይ በሞትኩት! ማን አሰራት?”

የዚያን ቀን ኢዮጴ ላይ የተጠየቀው ብቸኛ ጥያቄ ይኼ ነበር፤ ማን አሰራት? የጥንት ግሪኮች “ኢትዮጵያ” ሲሉ ከግብፅ ወዲህ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ እንጂ የዛሬውን ካርታችንን ማለታቸው አልነበረም። ቢሆንም የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ተረቱን ከያፋ ጋር አያይዘውታል፤ እንዲያውም ሮማዊው ፕሊኒ፣ የአውሬው ነው የተባለ አጥንት ከዚያች ከተማ ወደ ሮም ተወስዶ ለሕዝብ እንደታየ ጽፏል። ተረት ነው። ነገር ግን እዩልኝ፤ ለተረቷ ልጅ “ማን አሰራት?” ብለን ጠየቅን፤ እነዚያ የሚያማምሩ ቤቶች ውስጥ ይኖሩ ለነበሩት እውነተኛ ሰዎች ግን “የት ሄዱ?” አላልንም።

የት ሄዱ?

ያፋ ከመቶ ዓመት በፊት የፍልስጤም ዓረቦች ትልቋ የወደብ ከተማ ነበረች። ወደቧ ዐለታም ስለሆነ መርከብ ራቅ ብሎ ይቆምና ጀልባ ቀዛፊዎች የኢየሩሳሌም ተሳላሚውን እያወረዱ ወደ ዳር ያመጡት ነበር። በ1892 ከያፋ ኢየሩሳሌም የሚወስደው ባቡር ተከፈተ። ብርቱካኗ በአውሮፓ ገበያ ስሟን አስጠራ። በ1911 “ፈለስጢን” የሚባል ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ሲኒማ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የእግር ኳስ ቡድን ነበራት። በዚሁ ወደብ ከአውሮፓ የሚሸሹ አይሁዶች ገቡ፤ በ1909 ከከተማዋ ዳር አሸዋው ላይ አዲስ ሰፈር ቆረቆሩ። ያ ሰፈር ዛሬ ቴል አቪቭ ነው። አብሮ መኖሩ ግን አልሰመረም። በግንቦት 1921 ያፋ ላይ ብጥብጥ ተነሥቶ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ። በ1936 ደግሞ የዓረቦቹ አመፅ ሲነሣ እንግሊዞች የድሮውን ከተማ መሐል ለመሐል በፈንጂ አፍርሰው ሰፊ መንገድ አወጡበት። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ ሸሽተው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ የወረዱት፣ ከዚያም ኢየሩሳሌም የገቡት በዚያው ዓመት፣ በዚያው ትኩሳት መሐል ነው። የእኛም ሰው ስደተኛ ሆኖ ያን አገር አይቶታል ማለት ነው።

በኅዳር 1947 የተባበሩት መንግሥታት አገሪቱን ለሁለት ሲከፍላት ያፋ ለዓረቦቹ ደረሰች። ግን ዙሪያዋን በአይሁድ ክልል የተከበበች ደሴት ነበረች። ጦርነቱ ሲጀመር፣ በሚያዝያ 1948 መጨረሻ ኢርጉን የሚባለው የአይሁድ ታጣቂ ቡድን በሞርታር ደበደባት። በግንቦት 13 ከተማዋ እጅ ሰጠች። እስራኤል የታወጀችው በማግሥቱ ነው። ከጦርነቱ በፊት ሰባ ሺህ ገደማ የሚሆን የዓረብ ነዋሪ ነበራት፤ ሁሉም አልፎ የቀረው አራት ሺህ ገደማ ነው፤ እነሱም ዓጀሚ የሚባለው ሰፈር ውስጥ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ሌላው በየብስም በጀልባም ወጣ። ገሚሱ ወደ ቤሩት፣ ገሚሱ ወደ ጋዛ። ዮናስ ከተሳፈረበት ወደብ ተሳፈሩ። ዮናስ ግን የሸሸው ከታዘዘው ሥራ ነው፤ እነሱ ከቤታቸው። ዮናስ ተመልሷል። እነሱ አልተመለሱም።

ባዶውን ቤት ማን ገባበት? ይኼኛውን የሚነግራችሁ ሰው ብዙ አይደለም። ያፋ ከገቡት ብዙዎቹ ከቡልጋሪያ የመጡ አይሁዶች ነበሩ፤ የናዚውን ዘመን ከሞት ጋር ተጋፍተው ያለፉ፣ አገራቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች። እናላችሁ፣ ቤት ያጣ ሰው፣ ቤት ባጣ ሰው ቤት ውስጥ ገብቶ እንጀራውን ጀመረ። ክፉና ደግ ብሎ ለመክፈል አይመችም። የሚመቸው አለመጠየቅ ነው። በ1950 ያፋ ከቴል አቪቭ ማዘጋጃ ቤት ጋር ተዋሐደች፤ በ1965 ትልቁ ወደብ ወደ አሽዶድ ሄዶ የእሷ ተዘጋ፤ የድሮው ከተማ ታደሰ፤ መንገዶቹም የኮከብ ስም ወጣላቸው። የኮከብ ስም ደግሞ አንድ ጥቅም አለው፤ ማንንም አያስታውስም።

አሁን አንባቢው “ታዲያ እኛ ምን አገባን? ተሳላሚ እኮ ቱሪስት አይደለም” ሊለኝ ይችላል። ይኼን ክርክር አቃልዬ አላየውም። በ2015 ዓ.ም. ለፋሲካ ከእኛ ብሎክ አንዲት እናት ኢየሩሳሌም ሄደው ነበር። ስንት ዓመት እቁብ ጥለው፣ ልጆቻቸው ከዓረብ አገር ልከውላቸው ነው የሄዱት። ሲመለሱ ኮሙናሉ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ተሰበሰብን። የዮርዳኖስ ውሃ በሃይላንድ፣ ከጎልጎታ የተለኮሰ ጧፍ፣ ከቤተልሔም መስቀል ይዘውልን መጡ። ልጃቸው ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ ቪዲዮውን ከፈተልን። ጎልጎታ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውም አለቀሱ፣ እኛንም አስለቀሱን። ያ ዕንባ የእኔ ብዕር የሚነካው ነገር አይደለም። ስለ በረከት የሄደ ሰው የታሪክ ፈተና ይቀመጥ የሚል ክርስቲያንም ሰውም ጤነኛ አይደለም።

ከዚያ ቪዲዮው ኢዮጴ ደረሰ። ባሕሩ፣ ያ የተንጠለጠለው ብርቱካን፣ እሳቸው ነጠላቸውን ነፋስ እየወሰደባቸው።

“ይኼ የት ነው እማማ?” አልኳቸው።

“ይኼማ ባሕር ዳር ነው። ቆንጆ ቦታ! መዝናኛ ነው፤ ሱቅ ነው።”

“ዮናስ የተሳፈረበት እኮ ነው።”

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። “ምን አልክ? ዮናስ?”

“ጴጥሮስም ያረፈበት። ጣቢታም የተነሣችበት።”

ሴትየዋ ደነገጡ። ከዚያ ተቆጡ፤ በእኔ አይደለም። “ታዲያ እንዴት አንድ ሰው አይነግረንም? መሬቱን እሳለመው አልነበር!”

ክርክሩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። “ተሳላሚ ታሪክ አያሻውም” የምንለው እኛ ነን እንጂ ተሳላሚዋ አይደሉም። እሳቸው የሚነግራቸው ሰው አጡ እንጂ ማወቅ አልጠሉም። ትችቴም ወደ እሳቸው አይደለም፤ ከሦስት ወር በፊት ብሩን ተቀብሎ፣ ፓስፖርቱን ሰብስቦ፣ አንዲት ገጽ ጽፎ መስጠት ላቃተው ጉዞ አዘጋጅ ነው። ትችቴ ማይክ ይዞ መዝሙር ከመምራትና “ቶሎ ቶሎ እንውጣ” ከማለት ሌላ ለማይናገረው አስተባባሪ ነው። ትችቴ ተመልሰን ስንመጣ “ምን አየህ?” ሳይሆን “ምን አመጣህልኝ?” ለምንለው ለእኛም ነው።

ዮናስ የተሳፈረበት መሆኑን ካወቁ በኋላ እኚሁ እናት የጠየቁኝን ጥያቄ ልንገራችሁ። ቪዲዮውን እንደገና አስከፍተው ቤቶቹን እያዩ፣ “እንዲህ ያለ የቆየ ቤት… ሰዎቹስ?” አሉኝ። ሰዎቹስ! አያችሁ፣ አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ይከተላል። የቦታውን ስም ያወቀ ሰው የባለቤቱን ስም መጠየቁ አይቀርም።

ይኼ ጥያቄ ወደ ደጃችንም ይመጣል። ኮዬና ያፋ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አይደሉም። እዚያ ጦርነት ነበር፣ እዚህ የቤት ልማት ነው። አንድ የሚያደርጋቸው የእኛ ያለመጠየቅ ልማድ ነው።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት የእርሻ ማሳ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ፣ ከደመወዙ እየቀነሰ ሲቆጥብ፣ በኪራይ ከሰፈር ሰፈር ሲንከራተት የኖረ የአዲስ አበባ ሰው ቤት አገኛለሁ ብሎ ጠበቀ። በሌላ በኩል ደግሞ መሬቱ ላይ ሕንፃ ሲበቅልበት የሚያይ ገበሬ ነበር። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ኮዬ ፈጬ የሚለው ስም በአንድ ሳምንት ውስጥ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ተወጣ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ዕጣ የደረሰው ሰው በደስታውና በሥጋቱ መሐል ተሰንጎ ቆየ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ሁለቱም ወገን ግን አንዱ የሌላውን ስም አያውቅም ነበር። እኛ “ዕድለኞቹ” ነን፣ እነሱ “ተነሺዎቹ”። “ተነሺ” የሚለውን ቃል እዩት እስኪ! ሰው ሳይሆን ወንበር የተነሣ ነው የሚመስለው።

ዛሬ ብሎኮቻችን ቁጥር አላቸው። የያፋ መንገዶች በኮከብ፣ የእኛ ሕንፃዎች በቁጥር። ቁጥርም እንደ ኮከብ ነው፤ ማንንም አያስታውስም። ልጆቻችን “ሰፈርህ የት ነው?” ሲባሉ የብሎክ ቁጥር ይጠራሉ። ኮዬ ማለት ምን ማለት ነው? ፈጬስ? ከእኛ ብሎክ ነዋሪ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ክረምት ሲገባ እስከ ቁርጭምጭሚታችን የሚይዘንን ያን መረሬ ጭቃ እንራገማለን እንጂ፣ ያ ጥቁር አፈር ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል፣ ሰው አርሶት የበላበት አፈር መሆኑን አናስብም።

ከጥበቃዎቻችን አንዱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ መብራት ጠፍቶ ስለነበር አብሬያቸው በር ላይ ቁጭ አልኩ።

“አባባ፣ ከየት አካባቢ ነው የመጡት?” አልኳቸው።

ሳቁ። “እኔ አልመጣሁም ልጄ። የመጣችሁት እናንተ ናችሁ።”

ከዚያ በዱላቸው እያመለከቱ ነገሩኝ። ያ የመኪና ማቆሚያ የአባታቸው የሽምብራ ማሳ ነበር። ውሃ ታንከሩ ያለበት አጠገብ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር፤ ሽማግሌዎች ዕርቅ የሚያወርዱት እሱ ሥር ነው። ዛፉን ሲቆርጡት እሳቸው ዘመድ ጋ ሄደው ነበር፤ “ባየው ያመኝ ነበር” አሉኝ። የካሳ ብሩ እንዴት እንዳለቀም ነገሩኝ፤ ብር ለማያውቅበት ሰው እንደሚያልቀው ነው ያለቀው። በምሬት አልነበረም የተናገሩት። በጣም የነካኝ ሌላ ነገር ነው። ሲጨርሱ፣ “እዚህ ጥበቃ ስሆን አራት ዓመቴ ነው፤ ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም” አሉ። ቅሬታ አልነበረም፤ እንደ ዘገባ ነው የተናገሩት።

ብሎኩን በየቀኑ ስንት ሰው ይገባል፣ ይወጣል? ሁሉም ሰላም ይላቸዋል፤ ጨዋ ሕዝብ ነው። በበዓል ቡና ይወጣላቸዋል፣ ዳቦ ይሰጣቸዋል። ጥያቄ ግን አልወጣላቸውም። ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደን አርባ ደቂቃ የሰጠነው ከተማ አለ፤ እደጃችን ላይ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ አርባ ደቂቃ ያልሰጠነው ሰው አለ።

“ብጠይቅስ ምን ላደርግለት ነው? ቤቴን አልለቅለት!” የሚል ሰው አለ። ማንም ልቀቅ አላለም። ዕጣ የደረሰው ሰው ወንጀለኛ አይደለም፤ ከቡልጋሪያ የሸሸችው እናትም ወንጀለኛ አልነበረችም። ነገር ግን ያልተጠየቀ ነገር ጠፍቶ አይቀርም። አድፍጦ ይቆይና አንድ ቀን በሰልፍ፣ በድንጋይ፣ ከዚያም በከፋ ነገር ይመጣል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ያየነው የዚህን ጅምር ነው። ያፋ ደግሞ መጨረሻው ምን ሊመስል እንደሚችል ያሳያል። በ1948 ከያፋ በጀልባ ወጥተው ጋዛ የገቡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ጋዛ ውስጥ ስደተኛ ሆነው ተወለዱ። በመስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐማስ እስራኤል ውስጥ ገብቶ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያህል ሰው ሲገድልና ብዙዎችን አግቶ ሲወስድ፣ ከዚያም የእስራኤል ጦር ጋዛን ሲደበድብ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያልቅ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። በዚያው ጥቅምት ወር፣ መሠረቱ ከ5ኛው መቶ ዘመን የሚጀምረው የጋዛው የቅዱስ ጶርፊርዮስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲመታ፣ እዚያ ተጠልለው የነበሩ ክርስቲያኖች ሞቱ። የእኛ ምዕመን ጋዛ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን የሰማው ያን ቀን ነው፤ እሱም ከሰማ።

ጋዛን ግን ልናውቃት ይገባን ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን የተጠመቀው ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። የህንደኬ ባለሟል፣ ጃንደረባው። እሱም እንደ እኛ ኢየሩሳሌም ሄዶ፣ ሰግዶ፣ ሊመለስ የነበረ ተሳላሚ ነው። ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ደርሶ የጠየቀው ስለ ማንበቡ አይደለም፤ ስለ ማስተዋሉ ነው። ጃንደረባው ያን ያህል ትልቅ ባለሥልጣን፣ የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት ሹም ሆኖ ሳለ፣ አልተቆጣም፣ አላፈረም። የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት አድርጌ ብሎ፣ ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ከዚያም ስለ ተነበበው ሰው ጠየቀ፦ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ማን ነው?

ስለ ማን ነው? የመጀመሪያው ተሳላሚያችን ጥያቄ ይኼ ነው። እኛ ከእሱ ወዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረን፣ በአውሮፕላን ሄደን፣ በአየር ማቀዝቀዣ አውቶቡስ ዞረን፣ እሱ የጠየቀውን አንዲት ጥያቄ ሳንጠይቅ እንመለሳለን።

ሰላም ሆኖ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ወረቀቱ የመብራት ምሰሶው ላይ መለጠፉ አይቀርም። ለምትመዘገቡ የምላችሁ ይኼን ነው። ዝርዝሩን ስትቀበሉ መጨረሻው መስመር ላይ ያለችውን ከተማ እዩ። ጉዞ አዘጋጁን “ይኼ ቦታ ምንድነው? የሚያስረዳን ሰው ማነው?” ብላችሁ ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁት፤ ከከፈላችሁ በኋላ አይሰማችሁም። ኢዮጴ ስትደርሱ ባሕሩን ከጀርባችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ አድርጋችሁ ትንሽ ቁሙ። ከዚያ በሐዋርያት ሥራ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጠይቁ፦ ይኼ ቤት የማን ነው? ምን ይሠራ ነበር? አሁን የት ነው? ለማትመዘገቡት ደግሞ፣ ለእኛ ለአብዛኞቹ፣ ቪዛም ብርም አያስፈልግም። በሩ ላይ የተቀመጡትን አባት ስማቸውን ጠይቁ፤ ዛፉ የት እንደነበር ጠይቁ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ውረዱ።

ጃንደረባው ውሃ ባየ ጊዜ ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ሠረገላው ይቁም አለ። ቸኩሎ ነበር፤ መንገዱ ረጅም ነበር፤ ንግሥቲቱ ትጠብቀው ነበር። አቆመው።